ከበረሃ ጽማዌ እስከ መርካቶ ፤ አስቀድሞ ስለ መወደድ የአባቶች ትምህርት

ኢዮቤልዩ የሚለው ስም ከብሉይ ኪዳን ሕግ የመጣ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተሠራው፥ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ 50ኛው ዓመት ሲደርስ መለከት ይነፋል፤ በዕዳ የተሸጠ ሰው ነፃ ይወጣል፤ ርስቱን ያጣውም ወደ ርስቱ ይመለሳል። በዚያ ዓመት ለሰው የሚመለስለት ርስት በዚያን ጊዜ ሠርቶ ያገኘው ወይም ተሟግቶ የረታው አይደለም፤ አስቀድሞ በአባቶቹ ስም የተሰጠው ነው እንጂ። ስለዚህ አንድ ደብር ኢዮቤልዩውን ሲያከብር የሕንፃውን ዘመንና የአለቆቹን ስም ብቻ መቍጠር አይበቃውም፤ በቅጥሩ ውስጥ ምን ያህል ሰው ወደ ርስቱ እንደ ተመለሰ ማሰብ ይገባዋል። የክርስቲያንም የመጀመሪያ ርስቱ እግዚአብሔር አስቀድሞ እንደ ወደደው ማወቅ ነው።

ይህ ዕውቀት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የታወቀ መንገድ አለው፤ አባቶች መንገዱን የሚጀምሩት በጽማዌ ነው። ጽማዌ ማለት አፍን ከከንቱ ነገር፥ ልብንም ከሁከት ሰብስቦ በእግዚአብሔር ፊት ጸጥ ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ይህ የገዳም ሥራ ነው፥ ለበረሃ ሰው እንጂ ለከተማ ሰው አልተሰጠም ብሎ ያስባል። ይልቁንም በአዲስ አበባ በመርካቶ፥ ከንጋት እስከ ምሽት የሻጭና የገዢ ድምፅ በማያቋርጥበት ሰፈር፥ ስለ ጽማዌ መናገር ለሰሚው እንግዳ ነገር ይመስላል። የትምህርቱን ታሪክ ከሥሩ ጀምሮ ለመረመረ ሰው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም።

የመነኮሳት አባት የሚባሉት አባ እንጦንስ የግብጽ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ወንጌል ሲነበብ ሰምተው ከወላጆቻቸው የወረሱትን መሬት ለሰው ሰጡ፤ የቀረውንም ገንዘብ ለድሆች አካፍለው ወደ በረሃ ወጡ፤ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ356 ዓመት ዐረፉ። ስለ እርሳቸው በአባቶች መጻሕፍት የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በበረሃ ሳሉ ከእርሳቸው ጋራ የሚተካከል ሰው በከተማ እንዳለ ተገለጠላቸው፤ ያም ሰው ባለ መድኃኒት ነበረ፤ ከዕለት ጕዳዩ የተረፈውን ለድሆች ይሰጥ፥ በየቀኑም ከመላእክት ጋራ የቅዳሴን ምስጋና ያመሰግን ነበር። ይህን ታሪክ ጽፈው ያቆዩልን ራሳቸው መነኮሳት መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። የበረሃው ሰዎች በረሃው ብቻውን ሰውን እንደማያጸድቅ፥ ከተማውም ብቻውን ሰውን እንደማያጠፋ ከመጀመሪያ ጀምሮ ያውቁ ነበር።

ይህ ሥርዓት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአክሱም ነገሥታት ዘመን ነው። ከ5ኛው መቶ ዓመት ፍጻሜ እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ድረስ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን ገዳማትን ተከሉ፤ ከእነርሱም አንዱ አቡነ አረጋዊ በደብረ ዳሞ ዐምባ ላይ ማኅበር አቆሙ። ከዚያ በኋላ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ በሐይቅ እስጢፋኖስ ብዙ ደቀ መዛሙርት አስተማሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በሐይቅና በደብረ ዳሞ ከቈዩ በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው ደብረ አስቦን ገደሙ፤ ይህም ገዳም በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደብረ ሊባኖስ ተባለ። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዓመት መካከል የነበሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ደግሞ የሰዓታቱን መጽሐፍ ደረሱ። ገድላቸው እንደሚናገረው እኒህ ታላቅ ሊቅ በሕፃንነታቸው ትምህርት የማይገባቸው ነበሩ፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እየለመኑ ኖረው በኋላ ጥበብ ተሰጣቸው። ስጦታው የመጣው ከሊቅነታቸው በፊት ነው፤ ሊቅነታቸውም የስጦታው ፍሬ ነው።

ገዳማቱ ከተተከሉ በኋላ የመነኮሳቱ መጻሕፍት ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመለሱ። ሦስት ናቸው፤ ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ። በመጽሐፍ ትርጓሜ ቤት ብሉይ፥ ሐዲስ፥ ሊቃውንት ተብለው ከሚቈጠሩት ጉባኤያት ቀጥሎ አራተኛው ጉባኤ መነኮሳት የሚባለው በእነዚህ መጻሕፍት ነው። መምህሩ የግዕዙን ንባብ አንድ ጊዜ ካስነበበ በኋላ በአማርኛ ይፈታዋል፤ አንድም እያለ ምሥጢሩን ያወጣዋል፤ ደቀ መዝሙሩም በቃሉ ይይዛል። በዚህ ዐይነት የበረሃው ትምህርት ከአፍ ወደ ጆሮ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ደርሷል።

ከሦስቱ አንዱ ማር ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነበሩ፥ ትውልዳቸውም ዛሬ ኳታር በሚባለው ምድር አካባቢ የሆነ አባት ናቸው። ማር ማለት በሶርያ ቋንቋ ጌታዬ ማለት ነው። ዛሬ ሞሱል በተባለችው ከተማ አጠገብ ላለችው ለነነዌ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ፤ ነገር ግን በሹመቱ ላይ ከአምስት ወር አልበለጡም፤ ትተው ወደ ተራራ ወጡ። መጻሕፍትን ከማንበብ ብዛት የተነሣ በእርጅናቸው ዐይናቸው ጠፋ። በትምህርታቸው የእግዚአብሔር ምሕረት ከፍርዱ ጋራ የማይመዛዘን እንደ ሆነ አብዝተው ይናገራሉ፤ ርኅሩኅ ልብም ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአዕዋፍና ለአራዊት እንኳ እንደሚያዝን ያስተምራሉ። አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉትም በ8ኛው መቶ ዓመት በሰሜን መስጴጦምያ ተራሮች የኖሩ ዮሐንስ ናቸው። ፊልክስዩስ ደግሞ በግብጽ አባቶች ሥራ ላይ ለሚነሣው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ ነው።

የኢትዮጵያ መምህራን ከእነዚህ መጻሕፍት ተነሥተው የነፍስን ጕዞ በዐሥር መዓርግ ከፍለው ያስተምራሉ። ሦስቱ የንጽሐ ሥጋ ናቸው፤ ጽማዌ፥ ልባዌ፥ ጣዕመ ዝማሬ። አራቱ የንጽሐ ነፍስ ናቸው፤ አንብዕ፥ ኩነኔ፥ ፍቅር፥ ሑሰት። ሦስቱ የንጽሐ ልቡና ናቸው፤ ንጻሬ መላእክት፥ ተሰጥሞ ብርሃን፥ ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ።

ጽማዌ ከላይ እንደ ተባለው ጸጥታ ነው። ልባዌ ማስተዋል ነው፤ የሚነበበውን ቃል ለሌላ ሰው እንደ ተነገረ ሳይሆን ለራስ እንደ ተነገረ አድርጎ መስማት ነው። ጣዕመ ዝማሬ ጸሎቱ ሸክም መሆኑ ቀርቶ ለልብ ሲጣፍጥ ነው። አንብዕ ፊት ሳይከፋ፥ ሰውነት ሳይጨነቅ የሚፈስ እንባ ነው። ኩነኔ ሥጋ ለነፍስ መገዛቱ ነው። ፍቅር አማኝና ኢአማኝ፥ ጻድቅና ኃጥእ ሳይሉ ሰውን ሁሉ አስተካክሎ መውደድ ነው። ሑሰት ፈጣን የሆነ የመንፈስ እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ሦስቱ በቃል ተተንትነው የሚያልቁ አይደሉም፤ መላእክትን ማየት፥ በብርሃን መዋጥ፥ በመጨረሻም በሥላሴ ፊት መቆም ናቸው። የግሪክ መነኮሳት ሄሲኪያ ብለው የሚጠሩት የጸጥታ ሥርዓት ከዚህ ጋራ አንድ ምንጭ አለው፤ ሁለቱም ከግብጽና ከሶርያ በረሃ የተቀዱ ናቸውና።

በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ፍቅር ስድስተኛ መዓርግ ከሆነ አምስቱን መዓርግ ያልወጣ ሰው ያለ ፍቅር ይኖራልን? መልሱ እንዲህ ነው። በስድስተኛው መዓርግ የተቈጠረው ሰው እግዚአብሔርንና ባልንጀራውን የሚወድበት ፍቅር ነው። እግዚአብሔር ሰውን የሚወድበት ፍቅር ግን በመዓርግ አይቈጠርም፤ ከመጀመሪያው መዓርግ በፊት ያለ ነውና። ወንጌላዊው ዮሐንስም በመጀመሪያው መልእክቱ የሰው ፍቅር መልስ እንደ ሆነ፥ መጀመሪያው ግን የእግዚአብሔር እንደ ሆነ አስረድቷል። እንግዲህ በጽማዌ የሚቀመጥ ሰው ፍቅርን ሊገዛ የተቀመጠ አይደለም፤ ቀድሞ የተሰጠውን ሊሰማ ጸጥ ያለ ነው እንጂ።

አባቶች ለእግዚአብሔር የሚገዛውን ሰው በሦስት ይከፍሉታል። አንደኛው እንደ ባሪያ ቅጣትን ፈርቶ የሚሠራ ነው፤ ሁለተኛው እንደ ምንደኛ ዋጋ ተስፋ አድርጎ የሚሠራ ነው፤ ሦስተኛው እንደ ልጅ አባቱን ወዶ የሚሠራ ነው። ጌታ ስለ ጠፋው ልጅ የተናገረው ምሳሌ ይህን ሁሉ አጠቃልሎ ይዟል። ያ ልጅ በእሪያ መሰማሪያ ተርቦ ሳለ ወደ ልቡ ተመለሰ፤ ይህም ጽማዌ ነው። ከዚያም ለአባቱ የሚናገረውን ቃል አዘጋጀ፤ ልጅ መባል እንደማይገባው፥ ከቅጥረኞች እንደ አንዱ ይቈጠር ዘንድ ሊለምን አሰበ። የሉቃስን ወንጌል አስተውሎ ለሚያነብ ሰው ግን ድንቅ ነገር አለ። ልጁ በአባቱ ፊት በቆመ ጊዜ በደሉን ተናገረ፥ ልጅ መባል እንደማይገባውም ተናገረ፤ የቅጥረኛውን ልመና ግን ለመናገር ጊዜ አላገኘም። አባቱ ልብሱንና ቀለበቱን አስመጣ። የባሪያም የምንደኛም ሒሳብ በዚያ ቀረ፤ ልጅነቱ ብቻ ቆመ።

ይህ ትምህርት ለመርካቶ ሰው ለምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የሰፈሩን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአዲስ አበባ ዋና ገበያ በአራዳ፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበረ። የኢጣልያ ጦር በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ግን ነጩን ከጥቁሩ ለይቶ የሚያሰፍር ዕቅድ ወጣ። በዚያም ዕቅድ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ፤ ሰፈሩ አዲስ ከተማ ተባለ፥ ገበያውም በኢጣልያ ቋንቋ መርካቶ ተባለ። እንግዲህ ዛሬ ሰው ሁሉ በፍቅር የሚጠራው ይህ ስም ሲወጣ፥ ሰውን በቆዳው መዝኖ ዝቅ ካለው ወገን የሚቈጥር ሐሳብ ከበስተኋላው ነበረ።

በእነዚያው ዓመታት የጽማዌ ቤቶችም ታላቅ መከራ ደረሰባቸው። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የብዙ ሺህ ሰው ደም ፈሰሰ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የዐፅማቸው ፍልሰት በዓል በሚከበርበት ጊዜ፥ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ዲያቆናት በግራዚያኒ ትእዛዝ በጥይት ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮማ የላከው ቍጥር 449 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመረመሩ የታሪክ ሰዎች ግን የሞቱት ከዚህ እጅግ እንደሚበልጡ፥ እስከ 2,000 ገደማ እንደሚደርሱ ጽፈዋል። በአንድ ዘመን ገዳሙ ሲራቆት ገበያው ተከፈተ። መጽሐፉን በቃላቸው የያዙ ብዙ አባቶች ሞቱ፤ ትምህርቱ ግን አልሞተም፤ በየደብሩ በቀሩት መምህራንና በየንስሓ አባቱ ምክር ኖረ። በሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ገበያው በስፍራው ቀረ፤ ከጉራጌና ከሌላውም አገር የመጡ ነጋዴዎች አስፋፉት፤ ከአፍሪካ ታላላቅ ገበያዎችም አንዱ ሆነ።

ገበያ በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰው በላቡ የሚበላበት ስፍራ ነው። ነገር ግን በገበያ የሚውል ሰው አንድ ፈተና አለበት። ቀኑን ሁሉ ዕቃን ሲመዝን ይውልና ማታ ራሱንም በዚያው ሚዛን ያስቀምጣል። ሲያተርፍ ሰው የሆነ፥ ሲከስር ከሰው ያነሰ ይመስለዋል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ የብዙ ነጋዴ ሱቅ ባደረ ጊዜ ይህ ፈተና በዐይን ታየ። የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ዐመድ ሲሆን፥ ከዚያ በኋላ ማለዳ ላይ የሚቆመው ሰው ማን ነው? ሀብቱ እርሱነቱ ከነበረ እርሱም ዐብሮ ተቃጥሏል፤ አስቀድሞ የተወደደ ልጅ ከሆነ ግን አልቅሶ ይነሣል። የእንባው መራራነት አይቀርለትም፤ ርስቱ ግን አልተቃጠለም።

በዚሁ ገበያ ምን አለሽ ተራ የሚባል ስፍራ አለ። የተጣለ ብረትና ቆርቆሮ፥ ያረጀ ዕቃ ሁሉ ወደዚያ ይመጣል፤ በመዶሻና በእሳትም ታድሶ ምጣድ፥ ምድጃ፥ መጋዝና ማጠፊያ ሆኖ ይወጣል። ስሙ ለመጣው ሰው ሁሉ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ዓለምም ሰውን በዚህ ጥያቄ ይቀበላል፤ ምን አለህ ይላል፥ ካለህም ያስገባል። እግዚአብሔር ግን ምን አለህ ሳይል ተቀበለ፤ ሰው ጠላት ሳለ፥ ምንም ሳይኖረው፥ ልጁን ሰጠ። ይህን በጆሮ የሰማ ብዙ ነው፤ በልባዌ የሰማ ግን ጥቂት ነው። ከጆሮ ወደ ልብ የሚወርደው ቃል ጸጥታ የሚሻ በመሆኑ ነው።

ለዚህም ቤተ ክርስቲያን ለከተማ ሰው የሚሆን ሥርዓት ከጥንት አዘጋጅታለች። ፍትሐ ነገሥት በየቀኑ ሰባት የጸሎት ጊዜ ያዝዛል፤ ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋም፥ መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ቀትር ጌታ የተሰቀለበት ስድስት ሰዓት ነው፤ ያውም ገበያው የሚደምቅበትና ፀሐዩ የሚበረታበት ሰዓት ነው። በዚያች ሰዓት ነጋዴው ከሚዛኑ ላይ እጁን አንሥቶ፥ ዐይኑን ጨፍኖ፥ ያ መስቀል ስለ እርሱ እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ቢያስብ በበረሃ ካለው መነኩሴ ጋራ በአንድ ጽማዌ ቆሟል። ሱቁን ከመክፈቱ በፊት የቤተ ክርስቲያንን ደጅ የሚሳለም፥ ዳዊቱንና ውዳሴ ማርያሙን የሚደግም፥ ማታም መቍጠሪያውን ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦ የሚል ሰው በመርካቶ ጥቂት አይደለም። ይህ ሁሉ ልማድ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ከቃሉ በፊትና በኋላ ጥቂት ጸጥ ብሎ የሚጸልይበት ፊት የአባት ፊት መሆኑን ማሰብ።

አንዳንድ ሰው ኃጥኡን እግዚአብሔር ይወድሃል ማለት ቸልተኛ ያደርገዋል ብሎ ይፈራል። አባቶች ግን ነገሩን በተቃራኒው ያዩታል። ዳኛን የበደለ ሰው ቅጣቱን ብቻ ያስባል፤ አባትን የበደለ ሰው ግን ፊቱን ያስባል፤ ስለዚህ አንብዕ ከፍርሃት ይልቅ ከመወደድ ይመነጫል። የተወደደ መሆኑን ያወቀ ነጋዴ ሚዛን ማሳሳት አያስፈልገውም፤ በሐሰተኛ ሚዛን የሚሞላው ጕድለት የለበትምና። በሌላም ወገን ራእይ አየሁ፥ ድምፅ ሰማሁ እያለ የሚመካ ሰው ከመንገዱ ወጥቷል፤ መጻሕፍተ መነኮሳት ትሕትናን የመዓርጋቱ ሁሉ ጠባቂ ያደርጋሉ። ስለዚህ ማንም ሰው ያለ ንስሓ አባት ምክር በዚህ መንገድ ብቻውን እንዳይሮጥ አባቶች ይከለክላሉ።

የመንገዱም እውነተኛ ምልክት ስድስተኛው መዓርግ ነው። በመርካቶ የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ የአንዋር መስጊድ በአንድ አካባቢ ይገኛሉ፤ ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ተራ ሱቅ ከፍተው፥ ዕቃ ተበዳድረው፥ በኀዘንና በደስታ ተጠያይቀው ይኖራሉ። አማኝና ኢአማኝ ሳይሉ አስተካክሎ መውደድ የሚለው የመነኮሳት ትምህርት በበረሃ ለብቻው ለተቀመጠ ሰው በሐሳብ የሚፈተን ነው፤ ለመርካቶ ሰው ግን በየቀኑ በሥራ ይፈተናል። ስለዚህ ገበያው ለጽማዌ ጠላት ብቻ አይደለም፤ ፍሬው የሚታይበት እርሻም ነው።

እንግዲህ ኢዮቤልዩ ሲነፋ የሚሰማው ቃል ከ50 ዓመት በፊትም ከ1,500 ዓመት በፊትም የነበረው ቃል ነው። ባሪያው ነፃ ይውጣ፤ ምንደኛው ሒሳቡን ይተው፤ ልጁ ወደ ርስቱ ይመለስ። ይህን የሚያነብ ሁሉ፥ በሱቅም ቢሆን በቤትም ቢሆን፥ መጽሐፉን ዘግቶ ጥቂት ጸጥ ቢል አባቶች በበረሃ የሰሙትን ይሰማ ዘንድ ይቻለዋል። አስቀድሞ የወደደን አምላክ ይህን ደብርና በዙሪያው የሚደክመውን ሕዝብ ሁሉ ይባርክ፤ በደብረ ሊባኖስ ያለቁትን አባቶች ነፍስ ያሳርፍ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።